የጽጌረዳ ጥቁር ነጠብጣብ፦ ከመድኃኒቱ በፊት የሚዛመትበትን መንገድ መዝጋት

ጥያቄው፦ «ወደ 15 የሚሆኑ ጽጌረዳዎች ጎን ለጎን ተክያለሁ። ከሥራቸው ጀራንየም አለ። መጀመሪያ አንዷ ጽጌረዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ረገፈ። አሁን 7 ወይም 8 የሚሆኑትን ይዟቸዋል። የጀራንየሙም ቅጠል ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ሲገለበጥ ቡናማ ዱቄት አለበት። ከጽጌረዳው ተላልፎበት መሰለኝ። የሳሙና ውኃ ረጨሁ፤ ፀረ-ነፍሳትም ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። በየማታው በጎማ ከላይ እስከ ታች በደንብ አጠጣቸዋለሁ። የትኛውን መድኃኒት ልርጭ? ወይስ ሁሉንም ነቅዬ ላቃጥላቸው?»

አይንቀሉ። አዲስ መድኃኒትም ለጊዜው አይግዙ። ከሁለቱም በፊት መለወጥ ያለበት ነገር በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነው፤ በየማታው ከላይ እስከ ታች የሚያጠጡት ውኃ። ጽጌረዳዎችዎን እያራገፈ ያለውን በሽታ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚያሻግረው እሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አትክልት ቦታዎ ውስጥ የገባው በሽታ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ጽጌረዳው ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ነጠብጣቡ ክብ ነው፤ ጠርዙ ግን ልሙጥ ሳይሆን የተበጣጠሰ ይመስላል። ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከታችኞቹ ቅጠሎች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ፈንገስ ከጽጌረዳ ወገን ውጭ መኖር አይችልም። ጀራንየም ላይ ቢያርፍ እንኳን አይዘውም።

ጀራንየሙ ላይ ያዩት፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ዋግ የሚባለው ሌላ የፈንገስ በሽታ ነው። ከላይ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከታች ደግሞ ቡናማ ዱቄት ያለበት ነጠብጣብ፤ ብዙ ጊዜም ዱቄቱ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። ጣትዎን ቢያሳርፉበት ቡናማው ይነካዎታል። ስንዴን ከሚያጠቃው ዋግ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ነገር ግን የስንዴው ጀራንየምን፣ የጀራንየሙም ስንዴን አይነካም። ስለዚህ አንዱ ለሌላው አላስተላለፈም። ሁለቱ በአንድ ሰሞን የመጡት የሚወዱት ሁኔታ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠል።

ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። አንድ ተክል ሲታመም ሰው በዙሪያው ያለውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ብዙዎቹ የቅጠል ፈንገሶች ግን የሚይዙትን ተክል ይመርጣሉ። ምርጫ የሌላቸውም አሉ። የደረቀ እንቡጥና ያረጀ አበባ ላይ የሚወጣው ግራጫ ሻጋታ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ሥር የሚያበሰብሱት በውኃ በተጨናነቀ አፈር የሚኖሩ ተሕዋስያንም እንዲሁ ናቸው። አንዳንድ ቫይረሶች ደግሞ በጣም ብዙ ዓይነት ተክል ውስጥ ይገባሉ። እርስዎ ዘንድ ያሉት ሁለቱ ግን ከመራጮቹ ናቸው፤ ይህም ሥራዎን ያቀለዋል።

አሁን ወደ ረጩት ነገር ልመለስ። ፀረ-ነፍሳት ነፍሳትን ነው የሚገድለው። ፈንገስ ነፍሳት አይደለም። 2 ጊዜ ቀርቶ 20 ጊዜ ቢረጩ ነጠብጣቡን አይነካውም። የሚጎዳው ክሽክሽን (የተክል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት) የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና አበባዎን የሚጎበኙትን ንቦች ነው። የሳሙና ውኃም ለክሽክሽ ጥሩ ነው፤ ለጥቁር ነጠብጣብ ግን አይሆንም። እንዲያውም ቅጠሉን አንድ ጊዜ ተጨማሪ አርጥቦታል። እባክዎ ሁለቱንም ያቁሙ።

የጥቁር ነጠብጣብ አካሄድ እንዲህ ነው። ፈንገሱ የሚራባው ስፖር በሚባሉ በዓይን በማይታዩ ዘሮች ነው። ስፖሮቹ የወደቀው ቅጠል ላይና የታመመው ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። የውኃ ጠብታ ሲያርፍባቸው ከጠብታው ጋር ይፈናጠሩና አጠገብ ያለው ቅጠል ላይ ያርፋሉ። ማረፉ ብቻ ግን አይበቃም። ስፖሩ በቅሎ ቅጠሉን ሰርስሮ እስኪገባ ድረስ ቅጠሉ ሳይደርቅ ወደ 7 ሰዓት ገደማ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ከገባ በኋላ ነጠብጣቡ ለዓይን እስኪታይ ድረስ እንደ ሙቀቱ ከ3 ቀን እስከ 2 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

እስኪ ይህን ከማታ አጠጣጥዎ ጋር ያገናኙት። የጎማው ውኃ ስፖሩን ከታች ወደ ላይ ያፈናጥረዋል። ፀሐይ የለችም፤ ቅጠሉ አይደርቅም። 7 ሰዓቱ ቀርቶ 12 ሰዓት ያገኛል። በማግስቱ ማታ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል። ዛሬ የሚያዩት ነጠብጣብም የዛሬ አይደለም፤ ከቀናት ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት የተዘራ ነው። ለዚህ ነው ሰው «ረጨሁ፣ ግን ባሰበት» የሚለው። ከመርጨቱ በፊት ቅጠሉ ውስጥ የገባው ነገር በኋላ ላይ ወጥቶ ይታየዋል።

ስለዚህ ውኃውን ጠዋት ያድርጉት። ጎማውን መሬት ላይ አስጠግተው ሥሩን ብቻ ያጠጡ። የውኃው ግፊት አፈር እስኪረጭ ድረስ አይሁን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማጠጣት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩም ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ውኃ ጭራሽ ያቆማል። ያ ሌላ ጥፋት ነው። ቅጠሉ የረገፈ ጽጌረዳ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ጉልበት ያስፈልገዋል፤ በጥም ላይ ጥም አይጨምሩበት።

ዝናብ ከሆነ ማንም አያቆመውም። ግን ቅጠሉ ከዝናብ በኋላ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረግ ይቻላል። «ጎን ለጎን» ያሉት ቃል አሳስቦኛል። ቅርንጫፎቻቸው የሚነካኩ ከሆነ ነፋስ መሃላቸው አይገባም። ወደ መሃል የሚያድጉትን፣ እርስ በርስ የሚፋተጉትንና የደረቁትን ቅርንጫፎች ይግረዙ። ሲጨርሱ የተክሉ ውስጥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክፍት ሆኖ ብርሃን ሊገባበት ይገባል። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ያለው ተክል ጤዛው እስከ ረፋድ አይደርቅለትም፤ እሱን ለማዳን የሚደረገው ልፋትም ብዙ ጊዜ ከንቱ ይሆናል። አመቺ ወቅት ሲመጣ ቦታውን ይቀይሩለት።

ቀጥሎ የወደቀው ቅጠል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሰውም የሚዘለው እሱን ነው። እኔ ግን ከማንኛውም ርጭት አስቀድመዋለሁ። መሬት ላይ ያለውን የጽጌረዳ ቅጠል በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ይልቀሙ። ተክሉ ላይ ያሉትን ነጠብጣብ የያዙ ቅጠሎችም ይቁረጡ። በአንድ ጊዜ ግን ከአንድ ተክል ሲሶውን ያህል ብቻ ያንሱ፤ ሙልጭ ካደረጉት ምግብ የሚሠራበት ያጣል። በጣም የተነጠቡትን ታችኞቹን ያስቀድሙ፤ ሌላው በሳምንቱ ይደርሳል። ቅርንጫፉ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ቁስል ካዩ ከቁስሉ በታች፣ ጤነኛው ክፍል ላይ ይቁረጡት። ይህን ሁሉ ቅጠሉ በደረቀበት ሰዓት ያድርጉት። እርጥብ ቅጠል መሃል በእጅና በልብስ መተላለፍ ራሱ በሽታውን ማዞር ነው።

የለቀሙትን ኮምፖስት ውስጥ አይክተቱ። በደንብ የተሠራና ውስጡ የሚግል ክምር ፈንገሱን ይገድላል፤ የቤት ክምር ግን ብዙውን ጊዜ ዳሩ አይሞቅም። በከረጢት አስረው ከቆሻሻ ጋር ያውጡት ወይም ከአበባው ራቅ ብለው በጥልቅ ይቅበሩት። መሬቱ ሲጠራ ደረቅ ሣር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይጎዝጉዙበት። ጉዝጓዙ መሬት ላይ የቀረውን ስፖር ይሸፍነዋል፤ ጠብታም አፈር አያፈናጥርም። ግንዱን እንዳይነካ ግን ዙሪያውን ክፍት ይተዉለት፤ አለበለዚያ አንገቱ ይበሰብሳል። ቅጠሉን ሳይለቅሙ በላዩ ላይ መጎዝጎዝ አይበጅም።

ስለ መቀስ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ምክሩ ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። ለጥቁር ነጠብጣብ ዋናው መንገድ መቀስ ሳይሆን ውኃ ነው። መቀስ በጣም አደገኛ የሚሆነው ለባክቴሪያና ለአንዳንድ ቫይረሶች ነው። እነዚህ በተቆረጠው ቁስል በኩል በቀጥታ ወደ ተክሉ ውስጥ ይገባሉ። የትኛው ተክል ምን እንደያዘ ሁልጊዜ ስለማይታወቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ መቀሱን ማጽዳት ይልመዱ። መጀመሪያ ጭቃውንና ጭማቂውን ይጥረጉ። ከዚያ 70 ፐርሰንት አልኮል ባለው ጨርቅ ይወልውሉት። 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ቀላቅሎ መጠቀምም ይቻላል፤ ግን ብረት ያዝጋል፤ ድብልቁም በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። አልኮሉና በረኪናው በፍጹም አይቀላቀሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ተክል ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የትምባሆ ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስ ከሲጋራው ትምባሆ በእጅ ይተላለፋል፤ ፔቱኒያን የመሳሰሉ አበቦችን ይይዛል።

አሁን ወደ ጠበቁት ጥያቄ ደረስን። ፀረ-ፈንገስ ይሠራል? አዎ፣ ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ነጠብጣብ የያዘ ቅጠልን የሚያድን ርጭት የለም። ፀረ-ፈንገስ በዋናነት ጤነኛውን ቅጠል ቀድሞ ይሸፍናል፤ ዝናቡ ካበሰበሰዎት በኋላ ጥላ ቢዘረጉ ልብስዎ አይደርቅም። ወደ ተክሉ ውስጥ የሚሰርጉትም ቢሆኑ ሥራቸው ገና የጀመረውን መግታት ነው፤ የጠቆረውን አረንጓዴ አያደርጉም። ስለዚህ የርጭትዎን ውጤት በአሮጌው ቅጠል አይመዝኑት። አዲስ የወጣውን ቅጠል ይመልከቱ።

ይህን የመከላከል ጠባይ ዓለም የተማረው ከወይን እርሻ ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ገበሬዎች መንገድ ዳር ያለውን ወይን አላፊ አግዳሚው እንዳይበላው መዳብ ሰልፌትና ኖራ ይቀቡት ነበር። ሚላርዴ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ የተቀባው ወይን በሻጋታ ሳይረግፍ ቅጠሉን ይዞ መቆየቱን አስተዋለ። በ1885 ድብልቁን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ዛሬም የቦርዶ ድብልቅ ይባላል።

ለጽጌረዳ በመዳብ፣ በድኝ ወይም ማንኮዜብ በሚባል ኬሚካል የተሠሩ ፀረ-ፈንገሶች አሉ። ወደ ውስጥ የሚሰርጉም አሉ። የትኛውንም ቢመርጡ መለያው ላይ «ጽጌረዳ» እና «ጥቁር ነጠብጣብ» የሚሉትን ይፈልጉ። አዲስ ቅጠል እየወጣ ባለበትና እርጥበት ባለበት ወቅት፣ መለያው በሚያዘው ልዩነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ7 እስከ 14 ቀን ይረጫል። የቅጠሉን ጀርባ አይርሱ። አንድ ዓይነት ብቻ ደጋግመው አይርጩ፤ ፈንገሱ ይለምደዋል። ሲቀይሩ ደግሞ የንግድ ስሙን ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ይቀይሩ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ድኝ ቅጠል ያቃጥላል። በዘይት በተረጨ ተክል ላይም ቢያንስ 2 ሳምንት ሳይቆዩ ድኝ አይርጩ። መዳብ ደግሞ አፈር ውስጥ አይጠፋም፤ ዓመት በዓመት ይከማቻል። ስለዚህ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚረጭ ነገር አይደለም።

ስለራስዎ ደህንነት። ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መከላከያ፣ ረጅም እጅጌ ያድርጉ። ነፋስ ባለበት አይርጩ። ንቦች አበባው ላይ ባሉበት ሰዓት አይርጩ። በኩሽና ዕቃ አይበጥብጡ፤ የተረፈውንም በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡ። መጠኑን «ይጠንክርለት» ብሎ መጨመር ተክሉን ያቃጥላል፤ በሽታውን ቶሎ አያጠፋም። ልጆችና የቤት እንስሳት የረጩት እስኪደርቅ ድረስ ይራቁ። ለአበባ የተረጨው ለሚበላ አትክልት አይሆንም፤ በተለይ አጠገቡ ጎመን ወይም ሰላጣ ካለ ይጠንቀቁ።

የቤት ውስጥ ቅመማዎችስ? አንዳንዶቹ ከምንም ይሻላሉ፤ ግን ለሌላ በሽታ። ወተት 1 እጅ በ9 እጅ ውኃ፣ እንዲሁም የመጋገሪያ ሶዳ፣ ነጩን ዱቄት የሚመስለውን ሻጋታ ሊቀንሱ ይችላሉ። ጥቁር ነጠብጣብን ግን አያስቆሙም። ሶዳ ሲደጋገም ጨዉ ቅጠሉንና አፈሩን ይጎዳል። ነጩ ሻጋታ ጠባዩም ሌላ ነው። እንዲበቅል እርጥብ ቅጠል አያስፈልገውም፤ ቀኑ ደረቅና ሞቃት፣ ሌሊቱ ርጥበት ያለው አየር ሲሆን ይመቸዋል፤ በነፋስም ይሄዳል። ብዙ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ በልቶ የለመለመ ለጋ ቀንበጥ ይወዳል። ስለዚህ አንድ ቀን ነጭ ዱቄት ካዩ ለጥቁር ነጠብጣብ የተማሩትን እንዳለ አይገልብጡበት።

ወደ ጀራንየሙ። ለእሱ የምሰጥዎ ምክር ጠንከር ያለ ነው። የጀራንየም ዋግ በሕይወት ያለ የጀራንየም ቅጠል ይፈልጋል፤ ቅጠሉን ካነሱበት መኖሪያ ያጣል። ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ሁሉ ዱቄቱ ሳይበተን ቀስ ብለው ከረጢት ውስጥ ይክተቱ። ከግማሽ በላይ የተያዘውን ተክል ሙሉ በሙሉ ይጣሉት። ጀራንየም ርካሽና በቶሎ የሚተካ ተክል ነው፤ ለአንዱ ሲሉ ሌሎቹን አያስይዙ። ከእነዚህ ተክሎች ለሚቀጥለው አንድ ወቅት ቁራጭ ወስደው አይትከሉ፣ ለጎረቤትም አይስጡ። ንጹሕ የመሰለ ቁራጭ ውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከጽጌረዳው ሥርም ያውጧቸው፤ እዚያ ሆነው የጽጌረዳውን ታችኛ ክፍል ነፋስ ከልክለውታል።

ነቅሎ መጣል የግድ የሚሆንባቸው በሽታዎች አሉ፤ እርስዎ የገለጹት ግን ከእነሱ ውስጥ አይደለም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ በጠራራ ቀን እየጠወለገ ከሄደና የጀራንየም ግንዱ ከጠቆረ የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጽጌረዳ አንገቱ ወይም ሥሩ ላይ ሻካራ እባጭ ካበቀለ የአንገት እባጭ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ ላይ በሥርዓት የተሣለ የሚመስል ቢጫ መስመር ከታየ ደግሞ ቫይረስ ነው። ለባክቴሪያዎቹም ሆነ ለቫይረሱ ፈውስ የሚሆን ርጭት የለም። እነዚህ ሲመጡ ተክሉን ከነሥሩ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ቢጫ መስመር የሚያወጣው ቫይረስ፣ የጽጌረዳ ሞዛይክ፣ ግን በዋናነት የሚዛመተው በክተባ (የአንዱን ተክል ቀንበጥ ከሌላው ጋር በማጣበቅ) ስለሆነ ተክሉ በደንብ እያበበ ከሆነ ሊተዉት ይችላሉ። የአንገት እባጭ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በዚያ ጉድጓድ ሌላ ጽጌረዳ አይተክሉም።

አዲስ የሚገቡት ተክሎችም ያሳስቡኛል። አትክልት ቦታ ውስጥ በሽታ በብዛት የሚገባው በስጦታ ቁራጭና ገና በተገዛ ችግኝ ነው። ማንኛውንም አዲስ ተክል ከነዕቃው ከሌሎቹ ለይተው 3 ሳምንት ያህል ያቆዩት። የቅጠሉን ጀርባ፣ አንገቱንና ሥሩን ይዩ። ንጹሕ ከሆነ ይቀላቅሉት። ጽጌረዳ ሲመርጡ ጥቁር ነጠብጣብን ይቋቋማል የተባለ ዝርያ ይጠይቁ። ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያላቸው በአብዛኛው ይበረታሉ፤ ሩጎሳ የሚባሉት ሸካራ ቅጠል ያላቸው ጽጌረዳዎችም እንዲሁ። ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። ፈንገሱ ራሱ ብዙ ዓይነት ስላለው አንድ ቦታ የሚቋቋም ዝርያ ሌላ ቦታ ሊያዝ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከነገ ጀምሮ ውኃውን ጠዋትና ከሥር ያድርጉት። በዚህ ሳምንት ቅጠሉን ይልቀሙ፣ ይግረዙ፣ ጀራንየሙን ያንሱ፣ ይጎዝጉዙ። ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አዲሱን ቅጠል ይከታተሉ። አዲሱ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ምንም አይርጩ። አዲሱም ከተያዘ፣ ወይም ዝናቡ ከጀመረ፣ ያኔ በመለያው መሠረት ፀረ-ፈንገስ ይጀምሩ፤ ጽዳቱን ግን አያቋርጡ። የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ አልፎ አልፎ ነጠብጣብ ቢታይ አይደንግጡ። ነጠብጣብ ጨርሶ የሌለበት ጽጌረዳ ብርቅ ነው፤ ተክሉ ቅጠሉን እስከያዘና እስካበበ ድረስ ደህና ነው። ይህን ሁሉ እያደረጉለት ሁለት ወቅት ሙሉ እየተራገፈ የሚቀጥል ካለ እሱን ብቻ ነቅለው በሚቋቋም ዝርያ ይተኩት። ሌሎቹን ይተዉአቸው።